ጎማው «ኦርጅናል» ነው፤ ግን መቼ ተሠራ?

ጎማ የቀየረን ሰው በዚያው ዕለት ስለ ጎማው አትጠይቁት። አዲስ ጎማ የገጠመ ሁሉ ደስተኛ ነው። መሪው ይቀልለዋል፣ ጫጫታው ይቀንሳል፣ ፍሬኑ ቶሎ ይይዛል፣ ኮብልስቶኑ እንኳ የለሰለሰ ይመስለዋል። «የቱን ገዛህ?» ሲሉት የምርቱን ስም ይነግራቸዋል፤ የሰማውም ያንን ስም ይዞ ሱቅ ይገባል። ሰውየው ግን አዲሱን ጎማ ከሌላ አዲስ ጎማ ጋር አላወዳደረም። ያወዳደረው ጥርሱ ካለቀ፣ ጎኑ ከተሰነጠቀና ከወራት በፊት መጣል ከነበረበት ጎማ ጋር ነው። በዚህ ሚዛን የማያሸንፍ ጎማ የለም።

ስለዚህ «እስከ ዛሬ ከገዛሁት ሁሉ የተደሰትኩበት ጎማ» የሚባለውን ምስክርነት ቢያንስ ሁለት ክረምት ከነዳበት ሰው ብቻ ብንቀበል እላለሁ። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር በጎሚስታ ደጃፍም በቡና ላይም አውርቻለሁ። የሚጠሩት ስም አይገጥምም። አንዱ በጃፓኑ ይምላል፣ ሌላው በኮሪያው፣ የሚኒባስ ሹፌሩ ደግሞ ስሙን በቅጡ በማያስታውሰው የቻይና ጎማ። የሚገጥመው ሌላው ነገራቸው ነው። ጎማው ሲገዛ መጋዘን ውስጥ ብዙ ያልቆየ ነበር፤ ልኩና የመሸከም አቅሙ ከመኪናው ጋር ይስማማ ነበር፤ ባለቤቱም ንፋሱን ይከታተል ነበር። ከሦስቱ አንዱም በገበያችን የመጀመሪያ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

የመጀመሪያው ጥያቄ አገር ነው። ሶማሌ ተራም ሆነ መርካቶ ገብታችሁ ጎማ ስትጠይቁ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ኦርጅናል ጃፓን ነው፤ ያኛው ቻይና ነው፣ እሱን አልመክርዎትም» ትባላላችሁ። የአገር ስም ዛሬ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ብሪጅስቶን በታይላንድም በኢንዶኔዥያም ያመርታል። የኮሪያው ሃንኩክ በቻይናና በሃንጋሪ ፋብሪካ አለው። «ጣሊያን ነው» እየተባለ የሚሸጠው የፒሬሊ ትልቁ ባለድርሻ የቻይና መንግሥት ኩባንያ ነው። አገሩን ጠይቀን ዋጋ ስንከራከር፣ ጎማው ራሱ በጎኑ ላይ የጻፈውን የሚያነብ የለም።

ዳቦ ስንገዛ ትኩስ መሆኑን እናያለን፤ ጎማ ስንገዛ ግን ይህን እንረሳለን። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ብሎ የሚጀምር ምልክት አለ፤ ከእሱ ጫፍ ላይ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አሃዞቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። እዚህ ላይ ለኛ ብቻ የተሰናዳ ወጥመድ አለ፤ ዓመቱ የተጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ስለሆነ ጎኑ ላይ «18» የሚል ጎማ አይቶ «ገና የዘንድሮ ነው» ብሎ የሚደሰት ገዢ ሊኖር ይችላል። እንዲያ የሚያሳምን ሻጭም አይጠፋም። ያ ጎማ ግን ከተሠራ ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖታል።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲኩ ውስጥ ከአየርና ከፀሐይ የሚከላከሉለት ሰምና ኬሚካሎች አሉ፤ እነዚህ ከጊዜ ጋር ያልቃሉ፣ ኦክስጅንም ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያፋጥናል። ብዙ መኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማው እንዲቀየር ይመክራሉ፤ አንዳንድ ጎማ አምራቾች ደግሞ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢቀር ከአሥር ዓመት እንዳያልፍ ይላሉ። እኛ ጋ ጎማ ከባሕር ማዶ መርከብ ላይ ይወጣል፣ ጅቡቲ ይቆማል፣ ደረቅ ወደብ ይቆማል፣ መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ማብረቂያ ይቀባል። ማብረቂያው መልኩን እንጂ ዕድሜውን አይመልስም።

በዚህ ላይ የምንዛሬው ነገር ተጨመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቅ፣ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ሄደ። የጎማ ዋጋ አብሮ ተሰቀለ። ከዚያ በፊት የገባውና ለዓመታት የተከማቸው ጎማም አብሮ ተሰቀለ። ነጋዴውን አልወቅስም፤ በሸጠው ገንዘብ ሌላ ጎማ ማስመጣት አለበት። ገዢው ግን ለአሮጌ ጎማ የአዲስ ዋጋ ከፈለ፤ መክፈሉንም አላወቀም።

የዱሮ ሹፌሮች ስለ አገር ውስጡ «አዲስ ጎማ» ፋብሪካ ሲያወሩ ደግ ደጉን የሚያነሡት በናፍቆት ብቻ አይመስለኝም። በኋላ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር የተጣመረው፣ ከዚያም ሆራይዘን በሚል ስም ሚድሮክ እጅ የገባው ይህ ፋብሪካ ከምንም በላይ የነበረው ብልጫ ቅርበቱ ነው። ከመዲናዋ ፋብሪካ ወጥቶ ሱቅ የሚደርስ ጎማ በባሕርና በወደብ ላይ የሚያልፍ ዕድሜ የለውም።

ከአሮጌ አዲስ ጎማ የባሰው «ያገለገለ የውጭ ጎማ» ነው። ጥርሱ ግማሽ ያህል አለ፣ ስሙ ትልቅ ነው፣ ዋጋው ይስባል። አንድ ጀርመናዊ ወይም ጃፓናዊ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ለምን ይጥላል? ወይ ዕድሜው አልፎበታል፣ ወይ ተመትቷል፣ ወይ የበረዶ ጎማ ነው። ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ያውቁታል። ስዊድን ውስጥ መንገዱ በረዶ ሲይዝ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የክረምት ጎማ ግዴታ ነው። የዚያ ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ሥዕል አለው። ያ ጎማ አዳማ አስፋልት ላይ በሚያዝያ ፀሐይ ሲነዳ እንደ ላጲስ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም ይንሳፈፋል። በርካሽ ገዛሁ ያለ ሰው በኪሎ ሜትር ቢያሰላው ከአዲሱ በላይ የከፈለ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ሙገሳ ደግሞ ሁልጊዜ ያስጠረጥረኛል፤ «ይሄ ጎማ አያልቅም» የሚለው። የማያልቅ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ላስቲኩ ደረቅ ስለሆነ ነው፣ ደረቅ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት አይዝም። አሜሪካ የሚሸጡ ጎማዎች ጎን ላይ ጥርሱ ምን ያህል ሳያልቅ እንደሚቆይ የሚናገር 300፣ 400፣ 600 የሚል ቁጥር፣ ለእርጥብ አስፋልት አያያዝ ደግሞ ከሁለት ኤ ጀምሮ እስከ ሲ የሚወርድ ደረጃ ይጻፋል። ገዢ ሁሉ ቁጥሩን ያያል፣ ፊደሉን አያይም። ከእንጦጦ በሐምሌ ዝናብ የሚወርድ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚያቆለቁል፣ ጣርማ በርን በጭጋግ የሚያልፍ ሰው ግን በሕይወት የሚያተርፈው ፊደሉ ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ ይዞ ይወጣል። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ሲሆኑ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ «ገና ነው» እያሉ ክረምቱን የሚገቡ ብዙ ናቸው።

ሁለት ጎማ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው አዲሶቹን ከፊት ያስገጥማል፤ ጎሚስታውም ያንኑ ይመክራል፣ «መሪው ፊት ነው፣ ሞተሩ ፊት ይስባል» ብሎ። አምራቾቹ ግን ተቃራኒውን ነው የሚሉት፤ አዲሶቹ ከኋላ ይሁኑ ይላሉ። የፊቱ ሲንሸራተት ሹፌሩ ነዳጅ ለቅቆ መኪናውን ሊመልሰው ይችላል። ኩርባ ላይ የኋላው ከለቀቀ ግን መኪናው ይዞራል፣ ያኔ አብዛኞቻችን የምናደርገው ነገር የለም።

ልኩን በተመለከተ ለቪትዝና ለኮሮላ ባለቤት ብዙ ራስ ምታት የለም፤ ልኩ የተለመደ ስለሆነ ሁሉም ሱቅ አለው። ችግሩ ያለው ሚኒባስ ላይ ነው። ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል። 91 ማለት ለአንድ ጎማ 615 ኪሎ ነው፤ 106 ማለት 950 ኪሎ ነው። ለጭነትና ለሕዝብ መኪና የተሠራው ጎማ ከልኩ ጋር «ሲ» የሚል ፊደል አለው። ወርዱና ቸርኬው ስለገጠመ ብቻ የቤት መኪና ጎማ ሃይስ ላይ አስገጥሞ በላዩ ላይ ሰውና ኩንታል መጫን፣ ከዚያ አዋሽ ላይ ሲፈነዳ «ቻይና ስለሆነ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለ ፍንዳታ ካነሣን፣ ቆላ ስንወርድ ንፋስ የመቀነስን ልማድ ማለፍ አልችልም። «ሙቀቱ ያነፋዋል፣ ቀንሰው» ይባላል። ስሌቱን እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ የጎማ መለኪያም የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። እዚህ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ጎማ 1,000 ሜትር እንኳ ከፍታ ወደሌላት አዋሽ ሲወርድ፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው በ2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ጅቡቲ ሲደርስ ወደ 3.5 ይጠጋል። ሙቀቱ በበኩሉ በየ5 እና 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምርበታል። ቁልቁለቱ የወሰደውን ሙቀቱ ይመልሰዋል፣ ጎማው ከሞላ ጎደል የነበረበት ይቆያል። ንፋሱን በ4 ፒኤስአይ የቀነሰው ሹፌር እንግዲህ በ28 ነው በረሃውን የሚያቋርጠው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይግላል፣ ሲግል ሽፋኖቹ ይላቀቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ንፋስ የበዛበት ሳይሆን ያነሰበት ጎማ ነው። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ይህን ሁሉ እንደ አዲስ እየተማሩት ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ መንገዱ በቻይና መኪኖች ተሞልቷል። ባትሪው ከባድ ነው፣ ሞተሩም ገና ሲረገጥ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ጎማ ቶሎ ያልቃል። «ነዳጅ ቀረልኝ» ያለው ሰው ከቆጠበው ላይ የተወሰነውን ለጎማ ይመልሳል። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ ያላቸው የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው። ፎልክስዋገን አይዲ 4 ደግሞ የፊቱ ወርድ 235፣ የኋላው 255 ነው፤ የፊቱን ከኋላው እያቀያየሩ እኩል እንዲያልቅ ማድረግ አይቻልም። እነዚህ ልኮች በየሱቁ ስለማይገኙ ባለቤቱ የተገኘውን ይገዛል። የተገኘው ደግሞ ስንት ዓመት እንደቆየ ማን ያየዋል?

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ጎማ ላይ ይህ መብት በተግባር የሚውለው አራቱ አሃዝና የመሸከም ቁጥሩ ደረሰኝ ላይ ሲጻፉ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይህን በመመሪያ ቢያዝ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፣ ዶላር አያስፈልገውም፤ ሻጩ ጎንበስ ብሎ አንብቦ መጻፍ ብቻ ነው። አሮጌ ክምችት ያለው ነጋዴ «እንከስራለን» ይላል፤ ገባኝ። አራት ዓመት የቆየው ጎማ ይሸጥ፣ ግን ዕድሜው ተጽፎ፣ ዋጋው ቀንሶ ይሸጥ፤ ቀን ሙሉ ከተማ ውስጥ የሚዞር ታክሲ በዓመት ተኩል ይጨርሰዋል። ቅዳሜ ብቻ መኪናውን የሚያወጣው ጡረተኛ ግን ትኩሱን ይውሰድ፤ የእሱን ጎማ መንገዱ ሳይሆን ዕድሜ ነው የሚበላው። ሁለቱም ባለቤቶች የሚደሰቱት እንዲህ ሲሆን ነው፤ ዛሬ ግን ሁለቱም የሚገዙት ከአንድ ክምር በአንድ ዋጋ ነው።