ግልጽ ደብዳቤ ለወይዘሪት «እባክዎ ይጠብቁ»

የተከበሩ ወይዘሪት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እስኪመልሱልኝ አልጠብቅም፤ ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

የምጽፍልዎ ባለፈው ቅዳሜ ሥጋ ቤት ውስጥ ስላዋረዱኝ ነው። ሁለት ኪሎ አስቆርጬ በሞባይል ከፈልኩ። ከእኔ ወዲያው ተቆረጠ። ለሥጋ ቤቱ ግን አልገባም። ካሸሯን ስልኬን ባሳያት በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። «ስክሪንሾት አንቀበልም» ይላል። ከኋላዬ ሰባት ሰው ተሰልፏል። የባንኬ የጥሪ ማዕከል ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሌባ አለመሆኔን ሰልፉም ይስማልኝ ብዬ ነው።

አነሱ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ።

ያቺ ዝምታ! ትንፋሽ ነበራት። ሰው አንስቶ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» ከማለቱ በፊት እንዳለችው ያለች። እኔም ያሳደገኝ አለና «አብሮ ይስጥልን እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ቤተሰብ ደህና?» አልኩ። አሁንም ዝም። የሰማችኝ መስሎኝ ጉዳዬን ጀመርኩ። ገና ኪሎው ላይ ስደርስ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» አሉኝ።

ሰልፉ ሳቀ። ቆራጩ ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ። አንድ ሕፃን እናቱን «ማንን ነው የሚያወራው?» ሲላት ሰማሁ።

1ን ተጫንኩ። 4ን ተጫንኩ። ከዚያ ሙዚቃው መጣ። (የሙዚቃውን ነገር ዛሬ አላነሳም።) ሥጋውን ትቼ ወጣሁ። ገንዘቡ ማክሰኞ ተመለሰ። ሥጋ ቤቱን ግን ቀይሬያለሁ።

ኮድ የሚጽፍ የእህቴ ልጅ አለ። ዝምታዋ ድንገተኛ አለመሆኗን ያስረዳኝ እሱ ነው። ማሽን ጽሑፍ ሲያነብ የት ቆም እንደሚል ኤስኤስኤምኤል በሚባል ምልክት ይነገረዋል አለኝ። «ብሬክ» ተብሎ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሆነ ይጻፋል። ሰው የቀረጸው ድምፅ ከሆነም ባዶው ቦታ ተለክቶ ነው የሚገባው። እንግዲህ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ እኔ የምዋረድባትን ዝምታ ለክቷታል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናትም ነገረኝ። በአሥር ቋንቋዎች ተለክቶ፣ ሰው ለጥያቄ መልስ እስኪሰጥ በአማካይ የሚያልፈው 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። የሰከንድ አንድ አምስተኛ። አማርኛ ከአሥሩ ውስጥ የለም። እኛማ ሰውዬው ሳይጨርስ ነው የምንመልሰው። ታዲያ ሰላምታ ሰጥተው ሙሉ ሰከንዶች ዝም ሲሉኝ ተራዬ ነው ብዬ ባወራ ምን ይፈረድብኛል?

ይሁን፣ የእኔስ ይሁን። እናቴ ግን ምን አደረገችሽ?

ጡረታዋ መግባቱን ለማወቅ ትደውልልሻለች። «ለቀሪ ሂሳብ 3ን ይጫኑ» ስትያት ስልኩን ከጆሮዋ ታወርዳለች። ስክሪኑ ጠፍቷል። ታበራዋለች። ቁጥሮቹ የሉም። መነጽሯን ትፈልጋለች። ቁጥሮቹን አውጥታ ጣቷን 3 ላይ ልታሳርፍ ስትል «ምንም ምርጫ አላስገቡም» ብለሽ ጆሮዋ ላይ ትዘጊባታለሽ። ደግማ ትደውላለች። ደግመሽ ትዘጊባታለሽ። ዝም ማለት እዚያ ጋ ነበር! ለእኔ የትንፋሽ ትያትር ትሠሪያለሽ፣ እሷ ጋ ስትደርሺ ማን ነው የሚያሳድድሽ? አንድ ቀን «ልጄ፣ ተቆጣችኝ» አለችኝ። ማሽን እኮ ነው ብላት፣ «ቢሆንስ?» አለች።

«አንቺ» ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ።

ቅዳሜ ያለ ፈቃዴ የሰጡኝ ዝምታ አለ። ስድስት ሰከንድ ይሆናል። አልተጠቀምኩበትም። ወደ እናቴ ይተላለፍልኝ፤ 3ን እስክትጫን ይበቃታል። የአገልግሎት ክፍያ ካለው ከእኔ ሂሳብ ይቁረጡ። መቁረጡንስ ያውቁበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ምንም ምርጫ ያላስገባው ደንበኛዎ