አማካሪ የበዛበት ጀማሪ

ሰሞኑን ጣና ዳር ከማኪያቶ ጠረጴዛ የተነሣ ነገር ነው። አንድ ወጣት «ታሪክ ያለበት፣ አገር የሚገነባበት፣ ጦር የሚመራበት ጌም ልጀምር ነበር፤ ለጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት አማካሪ ባንዴ ተነሣበት። አንዱ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ አራት» አለ። ሌላው «እሱማ ለልጅ ነው፤ ቪክቶሪያ ሦስት!» አለ። ሦስተኛው የጌም ስም እንኳ አልጠራም፤ ስንት ሺህ ሰዓት እንደተጫወተ ብቻ አበሰረ።

«ለጀማሪ» የምትለዋን የሰማ የለም። ምክር ስንጠየቅ የምንመልሰው ለጠያቂው የሚበጀውን ሳይሆን እኛን የሚያስከብረውን ነው። ዋና ልማር ያለን ሰው በታንኳ ጣና መሀል ወስዶ መወርወር ይሄ ነው።

ለነገሩ ምን ይገርማል? ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ጋ የቆመ እንግዳ «አባይ ማዶ በየት ነው?» ብሎ ይጠይቅ እስቲ። «አላውቅም» የሚለው ሰው ገና አልተወለደም። «ይቺ ናት፣ ሄድ ብለህ ጠይቅ» ይባላል፤ «ይቺ» የተባለችው በጠራራ ፀሐይ ላብ አስጠምቃ የማታልቅ ናት። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ «ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ታጠፍ» የሚለው ነው። እንግዳ ድሮ የነበረውን ወፍጮ ቤት በምን ያውቀዋል? ይሄ ደግነት አይደለም፤ አላዋቂ ላለመባል የሰውን እግር ማድከም ነው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉትን የምወደው ለዚህ ነው። (እንቦጭ ከመጣ ወዲህ የተረቱን ሁለተኛ ክፍል ጣና ዳር ቆሞ ጮክ ብሎ መናገር ትንሽ ያሳፍራል እንጂ።) የዚህ ነገር ሥሩ የጌሙ ስም አይደለም። ኮምፒውተርህ ምን ዓይነት ነው? መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይይዛል? ነው። አንድሮይድ ስልክ ብቻ ያለው «ዩንሲቭ»ን ያውርድ፤ ሲቪላይዜሽን አምስት በተባለው ጌም አምሳል የተሠራ፣ ነጻ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ደህና ላፕቶፕ ያለው ሲቪላይዜሽን ስድስትን ይያዝ። ጨዋታው በተራ ስለሆነ ጀማሪው አስቦ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል፤ አውቶሴቩ (ጨዋታውን በራሱ የሚያስቀምጠው) በየተራው እንዲሆን ከተደረገ ደግሞ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው አንድ ተራ ብቻ ነው። የክብደቱ ደረጃዎች ስምንት ናቸው። ኮምፒውተሩና ተጫዋቹ እኩል የሚሆኑት በአራተኛው ላይ ሲሆን፣ በስምንተኛው ተጫዋቹ በአንድ ሰፋሪ (ከተማ ቆርቋሪ) ሲጀምር ኮምፒውተሩ ሦስት ይዞ ይነሣል። አማካሪዎቻችን ጀማሪውን የሚልኩት ወደዚያ ነው።

ፈጣን እጅ ያለው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለትን ይሞክር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው ጥሩ የማለማመጃ ክፍል አለው። ሲጀመር የሚሰጠው ሦስት ሠራተኛ፣ አንድ ቃኚ ፈረሰኛ፣ 200 ምግብና 200 እንጨት ነው። አንድ ሠራተኛ 50 ምግብ ይፈጃል፤ ስለዚህ ያ 200 የአራት ሰው ዋጋ ነው፣ ወዲያው ይታዘዝ። ሠራተኛ የሚወጣበት ሕንፃ፣ የከተማው ማዕከል፣ ለአፍታም ሥራ መፍታት የለበትም። ቤት 25 እንጨት ነው፣ አምስት ሰው ያስጠልላል፤ ቀድሞ ካልተሠራ ሠራተኛ መውጣቱ ቀጥ ይላል። በጎቹን ደግሞ ሠርግ ይመስል ባንዴ ማረድ አያዋጣም፤ የታረደው ሥጋ ቶሎ ካልተሰበሰበ እየበሰበሰ ይቀንሳል። አንድ በአንድ፣ እዚያው ማዕከሉ ሥር። 500 ምግብ ሲሞላና የሚፈለጉት ሁለት ሕንፃዎች ሲቆሙ ወደ ሁለተኛው ዘመን ይታለፋል። ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ በግ ላይ ነው፤ አማካሪ ግን ስለ በግ ማውራት ክብሩን ይነካዋል፣ ስለ ፈረሰኛ ነው የሚያወራው።

አንድ የቆየ ቂምም አለ። «ኢትዮጵያ ያለችበትን ጀምር» የሚሉት። ልብ ያሞቃል፣ እሺ። ግን በሲቪላይዜሽን ስድስት ዳግማዊ ምኒልክ ለብቻው በሚሸጥ ጥቅል ነው የመጡት፤ ኃይላቸውም በእምነትና በኮረብታ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ጀማሪው ከተማ ማስተዳደር ሳይለምድ ሃይማኖት ሲመሠርት ይመሻል። ሮም ትሻለዋለች፤ አዲስ ከተማ ስትቆረቁር ሐውልቱም መንገዱም ያለ ድካም ይመጣል። ዩሮፓ አራትም እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1444 በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ይጀምራል። የንጉሡ አጽም እዚሁ ሐይቁ ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ እንዳለ ይነገራል፤ ታዲያ ጎረቤትነት ጦር አይሰጥም። የይገባኛል ሰበብ ሳያበጅ፣ የሰው ኃይሉን ሳይቆጥር ጦርነት ያወጀ ጀማሪ በዘርዓ ያዕቆብም ቢጫወት ይወድቃል።

በጣም የሚያበግነኝ ግን ክሩሴደር ኪንግስ ሦስትን «ለኛ ሰው ይከብዳል» ማለታቸው ነው። ለኛ ሰው! ንጉሡ ሲሞት ግዛቱ በልጆቹ መካከል ይከፋፈላል፣ ወንድም ከወንድም ይካሰሳል፣ የአጎት ልጅ የይገባኛል ይዞ ብቅ ይላል። ይሄ ጎጃም ውስጥ የርስት ክርክር ይባል ነበር፤ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሰው የዘር ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት እየቆጠረ ሲሟገት የኖረበት አገር ነው። አያቱ ችሎት ሲመላለሱ የኖሩበትን ነገር የልጅ ልጁ በመዳፊት ያቅተዋል? ይልቅ የማለማመጃውን ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. 1066 አየርላንድን ይጨርስ፤ የመጀመሪያው ንጉሥ ሲሞትበትም ተስፋ ቆርጦ አይዝጋው፣ ወራሹን ይዞ ይቀጥል።

ብቻ የጀማሪው ጉዳይ እንዳይረሳ፦ ሲቪላይዜሽን ስድስት፣ ሮም፣ ትንሽ ካርታ፣ ሁለተኛው ደረጃ። ላፕቶፑንም መብራት ሳይሄድ ቻርጅ ያድርገው።