ነጭ ቀለም ይዘህ ና

ባለፈው ዓመት የውክልና ጉዳይ ለማስጨረስ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ኤምባሲያችን ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ከጨረስሁ በኋላ «ኔክሰስ» ፊት ቆምሁ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀ ሰፊ የአልሙኒየም ቅርጽ ነው። አጠገቤ ከዘራ የያዙ አዛውንት ቆመው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የእስክንድር ሥራ ነው፣ አባቴ።»

«ማን እንደሠራውማ አልጠየቅሁህም» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች በሠዓሊዎቻችን ስም መኩራት እናውቅበታለን፤ ሥራው ፊት ሲያቆሙን ግን ወሬ ያልቅብናል። የየሳሎናችን ግድግዳ ምስክር ነው። ቡና የምታፈላ ቆንጆ፣ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ ቦታ ከተረፈም የአክሱም ሐውልት ይሰቀላል። ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም የሚታወቅ ነገርን መልክ የማያሳይ ሥዕል፣ የተሰቀለበት ቤት የገባሁ እንደሆነ፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ ሠዓሊ ነው፣ ወይ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሳለ የሞነጫጨረው ነው።

ስለ እስክንድር ስናወራ ፓሪስን እናወራለን። እ.ኤ.አ. በ1955 በነጻ የትምህርት ዕድል ለንደን ሄደ፣ ከዚያ ፓሪስ ገባ፣ ሥዕሎቹ በፓሪስና በኒውዮርክ ሙዚየሞች ተገዙ እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያህል አስተምሯል፤ አሜሪካ ከመጣ በኋላም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2001 ድረስ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን እንጀራ ሲፈልግ የባከነ ጊዜ ይመስል በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። የአማርኛን ፊደል የሥዕሉ አጥንት ያደረገው ወሰኔ ኮስሮፍ የተማረው ሃዋርድ ነው። ከበደችም እዚያው ተምራለች። ይህ ባክኖ ከሆነ እንዲህ ያለውን ብክነት ያብዛልን።

ደግሞም «አሜሪካ ተቀበለችው» ማለት እንወድዳለን። የትኛዋ አሜሪካ? የማስተማሪያ ወንበር የሰጠው ከባርነት ማክተም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1867 የተቋቋመ፣ የጥቁሮች መመኪያ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወንበሩ ከእኛ በፊት በሌሎች ትግል የተገኘ መሆኑን ስንዘነጋ ትዝብት ላይ እንወድቃለን።

ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳይርቅ ሾው የሚባል ሰፈር አለ፤ ክትፎ ፍለጋ ቅዳሜ ማታ የምንጎርፍበት። ለሰፈሩ ስሙን በሰጠው ትምህርት ቤት አልማ ቶማስ የምትባል ሴት 35 ዓመት ሥዕል አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1924 ከሃዋርድ በሥነ ጥበብ የመጀመሪያዋ ተመራቂ ነበረች። ጡረታ የወጣችው በ1960 ሲሆን፣ ዛሬ የምትታወቅባቸውን፣ የቀለም ጠብታ እንደ ዶቃ የተደረደረባቸውን ረቂቅ ሥዕሎች የሠራቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። በ1972 ኒውዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ብቻዋን ዐውደ ርእይ ስታቀርብ 80 ዓመቷ ነበር። ሰዎች ይህን የሚያወሩት እንደ ጽናት ተረት ነው። እኔ ግን ቁጥሩ ያስደነግጠኛል። ወንበሩ ደመወዝ ይሰጣል፤ ጧትን ግን ይወስዳል።

እዚህ አገር ሁሉም እንደ እስክንድር ቋሚ ወንበር ያገኛል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ አንድ የማውቀውን የአገራችንን ሠዓሊ ላስተዋውቀው። በሁለት ኮሌጆች በኮንትራት ያስተምራል፤ የሚከፈለው በያዘው ኮርስ ልክ ነው፤ ክረምትና በጋ በሚቀያየሩበት ጊዜ ገቢው ይቋረጣል። ስቱዲዮው ጋራዡ ነው። ጥር ላይ ጣቱ ስለሚደነዝዝ ጓንት አጥልቆ ይሠራል። በዘይት ቀለም መሥራት የተወው ሽታው ፎቅ ላይ ላሉት ልጆቹ እንዳይደርስ ብሎ ነው።

አገር ቤትስ? እኔ በደርግ ዘመን የተማርሁበት ትምህርት ቤት ውስጥ የሥዕል አስተማሪያችን ጎበዝ ነበር፤ ሥዕል ያስተማረን ግን ጥቂት ጊዜ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ካርታ ያሥለዋል፣ የባዮሎጂው የልብን ቅርጽ፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ለአብዮት በዓል መፈክር ያጽፈዋል። በእጁ ላይ ሁልጊዜ ቀይ ቀለም ነበር፤ ለራሱ ሥዕል የነካው ቀለም መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

ሠዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሳስብ ይህ ነገር ይከብደኛል። ሐረር ተወለደ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተማረ፣ ተመልሶም ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋመው በዚያው አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። እስክንድር ሲመጣ እሱ እዚያው ነበር፤ ሁለት ረቂቅ ሠዓሊዎች በአንድ ግቢ! ሥዕሉ የፈረንጅ ነው የሚል ወቀሳ ደርሶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀብሏል። በደርግ ዘመን ተሰደደና እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ፣ ሎውተን በምትባል ከተማ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። ጀርመን የቆዩ ሥዕሎቹ ኋላ ተመልሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ሙዚየሙ መኖሩ ደስ ይለኛል። ክፍሉና ተማሪዎቹ በቆዩት ኖሮ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀድሞ ሁለት ሜትር ሸራ ላይ ይሠራ ነበር፤ አሁን ከክንድ አይበልጥም። አንድ ተመልካች «አዲስ ምዕራፍ ጀመርህ፣ ወደ ውስጥ ማየት ያዝህ» ብሎ አደነቀው። እውነቱ ግን ትልቁ ሸራ የደረጃውን መታጠፊያ ማለፍ አቅቶት ነው።

አንድ ጊዜ ክፍሉ ገብቼ ኋላ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አንድ ረቂቅ ሥዕል አይቶ «ምን ማለት ነው?» አለ። ወዳጄ ኋላ የተቀመጠችውን ልጅ ነጠላ እንድታውሰው ለመናትና ጥለቱን ከፍ አድርጎ ያዘው። «እናትህ ይህን ስትለብስ ምን ማለት ነው ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ?» ልጁ ሳቀ። «ታዲያ የቱ ጥለት ያምራል፣ የቱ አያምርም ስትላት ግን ትከራከርሃለች አይደል? እኛም በዚያ እንጀምር።» ኤምባሲ ለተገናኘኋቸው አዛውንት ይህን መልስ ባገኘሁላቸው!

ወደ አገር ቤት ስሄድ ከዘመድ የሚመጣው ትእዛዝ ስልክ፣ ጫማ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። የእሱ መልእክት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ነጭ ቀለም ይዘህ ና። ሌላውን አብቃቅቼ እኖራለሁ፣ ነጩ ነው የሚያልቅብኝ።» ነጭ ከሁሉም ጋር ስለሚደባለቅ ቶሎ ያልቃል፤ ትልልቁ ቱቦ ደግሞ ከባድ ነው። ባለፈው ጉዞዬ ሻንጣዬ 23 ኪሎ ሲያልፍብኝ ለራሴ የያዝሁትን ጫማ አውጥቼ ስድስት ቱቦ ይዤለት ሄድሁ። በማግስቱ ክፍሉ ስገባ አራቱ ተከፍተው ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።