የትኛው ጆንሰን? ሙሉ ስማቸውን ጻፉልን

«ጆንሰን ተቃወሙ»፣ «ጆንሰን አስጠነቀቁ»፣ «ጆንሰን ተስማሙ»። የአማርኛ የዜና ገጾች የአሜሪካን ፖለቲካ ሲዘግቡ እንዲህ ያለ ርዕስ ይወዳሉ። አጭር ነው፤ ስልክ ላይም በአንድ መስመር ያልቃል። አንባቢውን ግን ግራ ያጋባል። የትኛው ጆንሰን?

ማይክ ጆንሰን የሉዊዚያና ሪፐብሊካን ናቸው፤ በኦክቶበር 2023 የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሮን ጆንሰን በ2011 ሴኔት የገቡ የዊስኮንሰን ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ሪፐብሊካን። ብራንደን ጆንሰን ደግሞ ዴሞክራት ናቸው፤ በ2023 የቺካጎ ከንቲባ ሆኑ። በዚያው ዓመት የዳላሱ ከንቲባ ኤሪክ ጆንሰን ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ ተሻገሩ። ማይክ አፈ ጉባኤ ሲሆኑ በዚያው ምክር ቤት ሌሎች ሦስት ጆንሰኖች አባል ነበሩ፤ የጆርጂያው ሃንክ፣ የደቡብ ዳኮታው ደስቲ እና የኦሃዮው ቢል። ይህ ሁሉ የእንግሊዙን ቦሪስ ጆንሰንን ሳንቆጥር ነው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የአሜሪካን ባለሥልጣን በአማርኛ ስትጽፉ ሙሉ ስሙን፣ ስቴቱንና የያዘውን ወንበር አብራችሁ ጻፉ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ድምፅ ለሚሰጥ ሰው ግን ትልቅ ነው።

እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። «አቶ መለስ» እንላለን፤ «አቶ ዜናዊ» ብሎ የጠራቸው ሰው አልሰማሁም። አንባቢያችን በዚህ ልማድ ነው ያደገው። ሁለት ጆንሰኖች ሲያይ ወይ አንድ ሰው ያደርጋቸዋል፣ ወይ «ልጁ ነው? ወንድሙ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኬኔዲዎችንና ቡሾችን ሲሰማ ለኖረ ሰው ይህ አይፈረድበትም።

የጆንሰን ነገር ግን ሌላ ነው። በ2010ሩ የሕዝብ ቆጠራ ጆንሰን ከስሚዝ ቀጥሎ በአሜሪካ ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚጠራበት የቤተሰብ ስም ነበር። ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞታል፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ጥቁር ነው። ከስዊድንና ከኖርዌይ ወደ ሚኒሶታና ወደ ዳኮታ የመጡ ገበሬዎች የአገራቸውን ስም ለእንግሊዝኛ አፍ እንዲመች ጆንሰን አደረጉት። ከባርነት የወጡ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦችም ይህንኑ ስም ይዘው ቀጠሉ። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሰምታችሁ የሰውየውን ዘርም ፓርቲም አመለካከትም ማወቅ አትችሉም።

ታሪካቸውን ያየ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይገርመዋል። ጆንሰን የሚባሉ ሁለት ፕሬዚዳንቶች ነበሩ። ሁለቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ሁለቱም ወንበሩን ያገኙት አለቃቸው በጥይት ተመትቶ ሲሞት ነው። አንድሩ ጆንሰን በ1865 ሊንከንን ተኩ፤ ሊንደን ጆንሰን በ1963 ኬኔዲን። መመሳሰሉ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድሩ ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች የዜግነት መብት የሚሰጠውን የ1866ቱን ሕግ አልፈርምም አሉ፤ ኮንግረስ ውሳኔያቸውን ሽሮ ሕጉን አጸደቀው። ሊንደን የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱን የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ፈረሙ። የመጀመሪያው ሰውዬ በ1868 ጉዳያቸው ሴኔት ፊት ቀርቦ በአንድ ድምፅ ብቻ ነው ከሥልጣን ከመባረር የተረፉት። «ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለጥቁሮች መብት» ብላችሁ ዓመትና ሙሉ ስም ሳትጽፉ ብትቀጥሉ፣ ለአንባቢው ምን ነገራችሁት?

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ያለን ሐበሾች እዚህ አገር ከመድረሳችን በፊት በሁለት ጆንሰኖች እጅ አልፈናል።

የመጀመሪያው አልበርት ጆንሰን ናቸው። የዋሽንግተን ስቴት ሪፐብሊካን፣ የተወካዮች ምክር ቤት የኢሚግሬሽን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ጆንሰን-ሪድ የሚባለው በእሳቸውና በሴናተር ዴቪድ ሪድ ስም ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ አገር በዓመት ኮታ ወሰነ። ስሌቱ የተሠራው በ1890 አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት የዚያ አገር ተወላጆች ሁለት በመቶ ላይ ነው። ዓመቱ የተመረጠው ታስቦበት ነው፤ በ1890 ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣው ሰው ገና ጥቂት ስለነበር ለሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ ያደላል። ለኢትዮጵያ የደረሳት የመጨረሻው ትንሽ ቁጥር ነው፤ በዓመት 100 ሰው። ለመላው አገር መቶ! ዲቪ የሞላ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ያንን የኮታ አሠራር ያፈረሰው ሕግ በኦክቶበር 3 ቀን 1965 ተፈረመ። ቦታው ኒው ዮርክ፣ የነፃነት ሐውልት እግር ሥር። የፈረሙት ሊንደን ጆንሰን። ከዚያ በኋላ አሜሪካ የገባ ሰው በቤተሰብ በኩል ዘመዱን መጥራት የሚችልበት በር ሰፋ። ወንድም እህቱን፣ ልጅ እናቱን ያመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ በየሐበሻው ቤት የሚታወቅ ነገር ነው። አንዱ ጆንሰን የዘጉትን በር ሌላው ጆንሰን ከፈቱት። የአሜሪካን የስደት ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «የጆንሰን ሕግ» ብሎ ካለፈ የሁለቱን ተቃራኒ ሰዎች ሥራ አንድ ላይ ደባለቀው ማለት ነው፤ ይህ እኔን በግል ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የራሳችን ታሪክ ነው።

ቡሽም ላይ ያው ነው። ዲቪን የወለደውን የ1990ውን ሕግ የፈረሙት አባትየው ናቸው፤ ጆርጅ ኤች ዋልከር ቡሽ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች የኤችአይቪ መድኃኒት ለሕመምተኞች እንዲደርስ ያደረገውን ፔፕፋር በ2003 ያስጀመሩት ልጅየው፣ ጆርጅ ዋልከር ቡሽ ናቸው። እነዚህ በእርግጥ አባትና ልጅ ናቸው። ቢሆንም «ቡሽ» ተብሎ ሲጻፍ ምስጋናውም ወቀሳውም ለተሳሳተው ሰው ይሄዳል።

አሁን ወደ ቴክሳሷ ዳላስ እንምጣ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ከተማ ነው፤ ጋርላንድና ሪቻርድሰን ብትሄዱ የእንጀራ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን ታገኛላችሁ። ሰው አድራሻ ሲነግራችሁ «ኤልቢጄን ያዝና ና» ይላችኋል። ኢንተርስቴት 635 ማለቱ ነው፤ መንገዱ በሊንደን ጆንሰን ስም ተሰይሟል። ኬኔዲ የተገደሉት እዚሁ ከተማ ነው፤ ሊንደን ጆንሰንም ቃለ መሐላ የፈጸሙት በላቭ ፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ሆነው ነው።

መሀል ከተማ ያለው የባቡር ጣቢያ ደግሞ ኤዲ በርኒስ ጆንሰን ዩኒየን ስቴሽን ይባላል። ወይዘሮ ኤዲ በርኒስ የሊንደን ዘመድ አይደሉም። ጥቁር ሴት ናቸው፤ ነርስ ነበሩ፤ ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዋ ፈቃድ ያላቸው ነርስ ናቸው። ዳላስን ከ1993 ጀምሮ 30 ዓመት ወክለው በ2023 መጨረሻ ላይ አረፉ። ጎረቤት ያለውን የፕሌኖን አካባቢ እስከ 2019 ድረስ የወከሉት ደግሞ ሳም ጆንሰን ነበሩ፤ ነጭ፣ ሪፐብሊካን፣ ቬትናም ውስጥ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ታስረው የቆዩ የጦር አውሮፕላን አብራሪ። ሁለቱ ከአንድ ስቴት፣ በአንድ ምክር ቤት፣ በተቃራኒ ፓርቲ ለሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠሩ። በዚህ ላይ ከንቲባው ኤሪክ ጆንሰን አሉ፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ጁሊ ጆንሰን የሚባሉ ዴሞክራት ከዚሁ አካባቢ ኮንግረስ ገቡ። እዚህ ከተማ የምትኖር፣ ገና ዜግነት የወሰደች፣ ዜና በአማርኛ ብቻ የምትከታተል እናት «ጆንሰን ይህን ደገፈ» የሚል ርዕስ ብታነብ ማንን ታመስግን? ማንንስ ትቅጣ?

«ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ፓርቲው ተጽፎ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ሁልጊዜ አይጻፍም። የዳላስ ከተማ ምርጫ ያለ ፓርቲ ነው የሚካሄደው፤ ወረቀቱ ላይ ስም ብቻ ነው ያለው። በፓርቲ ቅድመ ምርጫ ላይም ተወዳዳሪው ሁሉ የአንድ ፓርቲ ሰው ስለሆነ የፓርቲው ስም አይለያቸውም። ቴክሳስ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በአንድ ምልክት ፓርቲውን በሙሉ መምረጥን አስቀርታለች። ስሙን ማንበብ ግድ ነው።

ስም ብቻ ያየ መራጭ ምን እንደሚገጥመው ፔንሲልቬንያ ታውቀዋለች። የስክራንተኑ ቦብ ኬሲ እስከ 1977 ድረስ የስቴቱ ዋና ኦዲተር ነበሩ፤ በደንብ የታወቁ፣ የተከበሩ ሰው። በ1976 አንድ ሌላ ሮበርት ኬሲ፣ የካምብሪያ ካውንቲ ሹም፣ የስቴቱ ገንዘብ ያዥ ሆነው ተመረጡ። በ1978 ኦዲተር የነበሩት ኬሲ ለስቴቱ ገዥነት ሲወዳደሩ፣ በዚያው ቅድመ ምርጫ ሦስተኛ ቦብ ኬሲ ለምክትል ገዥነት ቀረቡ። እኚህኛው አስተማሪና የአይስክሬም ቤት ባለቤት ነበሩ። ዕጩነቱን አሸነፉ! የታወቁት ኬሲ ግን በገዥነቱ ተሸነፉ። ሕዝቡ ለምክትልነት ኬሲን የመረጠ መስሎት ማንን እንደመረጠ አስቡት። የታወቁት ኬሲ በ1986 ለገዥነት እንደገና ሲወዳደሩ «እውነተኛው ቦብ ኬሲ» ብለው ቀሰቀሱ፤ ያን ጊዜ ተሳካላቸው። ልጃቸው ቦብ ኬሲም በዚሁ ስም ከ2007 እስከ 2025 መጀመሪያ ሴናተር ሆነው አገልግለዋል።

ያ እንግዲህ አጋጣሚ ነው። ማያሚ ላይ በ2020 የሆነው ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። ለፍሎሪዳ ሴኔት ይወዳደሩ የነበሩት ዴሞክራት ሆዜ ሃቪየር ሮድሪጌዝ በ32 ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። ወረቀቱ ላይ ሮድሪጌዝ የሚባል ሌላ ሰው፣ ምንም የምርጫ ዘመቻ ያላደረገ፣ ከ6,000 በላይ ድምፅ ወስዶ ነበር። በኋላ አንድ የቀድሞ የስቴቱ ሴናተር ለዚህ ሰው ገንዘብ ከፍሎ እንዳስገባው ተረጋገጠ፤ በ2024 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። አስቡት፤ ገንዘቡ የወጣው ለስሙ ብቻ ነው። መራጩ የቤተሰብ ስም አይቶ እንደሚያልፍ ስላወቁ ነው።

የምክር ቤቱ የራሱ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። አባላት ድምፅ ሲሰጡ በሚወጣው ዝርዝር ላይ ጆንሰን ብቻ ብሎ ነገር የለም። ጆርጂያ፣ ሉዊዚያና፣ ደቡብ ዳኮታ እየተባለ ስቴቱ አጠገቡ ይጻፋል። ቴክሳሶቹ ሁለቱ ጆንሰኖች በነበሩ ጊዜ ስቴቱም ስላልለያቸው ሳም የሚለው ስምና የኤዲ በርኒስ የመጀመሪያ ፊደላት ተጨምረው ነበር። ሰዎቹን በየቀኑ በዓይኑ የሚያያቸው ጸሐፊ እንኳ እንዲህ የሚጠነቀቅ ከሆነ፣ ከእንግሊዝኛ ዜና ላይ በጥድፊያ የሚተረጉም የአማርኛ ገጽ ለምን አይጠነቀቅም? «የሉዊዚያናው ሪፐብሊካን፣ አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን»። ስድስት ቃል ነው። ከዚያ በታች «ማይክ ጆንሰን» እያላችሁ ቀጥሉ። ፎቶ ስታወጡም ከሥሩ ሙሉ ስም ይኑር።

ቴክሳስ ያላችሁ ልጆች ደግሞ እናትና አባቶቻችሁን አግዙ። የካውንቲው የምርጫ ጽሕፈት ቤት የድምፅ መስጫውን ናሙና ከምርጫው በፊት ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። አውርዱት። የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ሙሉ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወረቀት ላይ ጻፉላቸው፤ ከጎኑ ለየትኛው ወንበር እንደሚወዳደር ጨምሩ። ወረቀት ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቴክሳስ ውስጥ ድምፅ መስጫው ጋ ስልክ መጠቀም ክልክል ነው፣ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ይዞ መግባት ግን ይፈቀዳል።