የጎንደር ሰዎች ሆይ፣ የልብ ሕክምናን በወሬ አንመዝን

ወገኖቼ፣ አንድ ሆስፒታል የልብ ድካም ታማሚዎችን በወጉ ያክማል ወይስ አያክምም ለሚለው ጥያቄ መልስ የምንሰጠው በለቅሶ ቤት በሰማነው ወሬ ነው። እገሌ እዚያ ተኝቶ ዳነ፣ እገሊት እዚያ ገብታ በሬሳ ወጣች እንባባልና በዚያው አንዱን ሐኪም እናወድሳለን፣ የሌላውን ስም እናጠፋለን። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ለመላ አገሪቱ የጤና መኮንኖችን ያፈራች ከተማ ነዋሪዎች ሆነን ስለ ሕክምና ጥራት ከዚህ የተሻለ ነገር አለመጠየቃችን ሊያሳፍረን ይገባል።

የሕክምና ጥራትን ለመለካት መሠረት የጣለው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የተቋሙ አቅም፣ ለታማሚው የተሠራው ሥራና የተገኘው ውጤት ሦስቱም እንዲታዩ አስተምሯል። እኛ ሕንፃውንና ሬሳውን እያየን መካከለኛውን ዘለልነው፤ ለልብ ድካም ታማሚ ግን ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ታማሚው የልብ አልትራሳውንድ ተነሥቶ ልቡ ደም የመርጨት አቅሙ፣ ማለትም በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚረጭ፣ ተለክቷል? አቅሙ 40 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነስ ዕድሜን እንደሚያራዝሙ የተረጋገጡት መድኃኒቶች፣ እነ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ስፓይሮኖላክቶን፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ ተጀምረውለታል ወይስ እብጠቱን የሚያጎድለው ላዚክስ ብቻ ተሰጥቶት ወጣ? ላዚክስ ትንፋሽን ስለሚያቀልል የእግሩ እብጠት የጎደለለት ሰው ዳንኩ ብሎ ይሄዳል፤ የደከመው ልብ ግን እንደ ደከመ ነው። ሲገባና ሲወጣ ተመዝኗል? ኩላሊቱና በደሙ ያለው ፖታሲየም ታይቷል? ከወጣ በኋላ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ ተይዞለታል? በ3 ቀን ውስጥ ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ ቢጨምር ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት፣ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ የገባው ጨውም እንደሚቆጠር የነገረው አለ? ይህ ሁሉ ከታማሚው ካርድ ተነቦ ሊቆጠር ይችላል፤ የወሬ ያህል አይጮኽም እንጂ ከወሬ ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ይሁን እንጂ ከውጭ የተቀዳ መለኪያ ብቻውን አይበቃንም። በእኛ ዘንድ ልባቸው ከደከመባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በመጣ የሩማቲክ ትኩሳት የልባቸው ቫልቭ፣ ማለትም ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር፣ የተጎዳ ወጣቶች ናቸው። የእነዚህ ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ደህና ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ትኩሳቱ እንዳያገረሽባቸው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አለመቋረጡን የማይጠይቅ መለኪያ እነርሱን ረስቷቸዋል ማለት ነው።

ሞትን ስትቆጥሩ ደግሞ ፍርድ አታጓድሉ። ከደባርቅና ከመተማ በሪፈር የሚላክን፣ ከሌላው አቅም በላይ የሆነን ታማሚ የሚቀበል ሆስፒታል ቀለል ያሉትን ብቻ ከሚያስተኛው ይልቅ ብዙ ሞት ቢመዘገብበት በዚህ ብቻ ጥፋተኛ አይባልም፤ የታማሚዎቹ ዕድሜ፣ የኩላሊታቸው ሁኔታና ሲገቡ የነበራቸው የደም ግፊት ሳይታሰብ ማነጻጸር ግፍ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ መመለስንም እንዲሁ በጥንቃቄ እዩት። አሜሪካ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልብ ድካም ታማሚዎች በ30 ቀን ውስጥ በብዛት የሚመለሱባቸውን ሆስፒታሎች በገንዘብ ስትቀጣ የተመላሹ ቁጥር ቀነሰ፤ ዳሩ ግን ከወጡ በኋላ የሚሞቱት እንደ ጨመሩ ያሳዩ ተመራማሪዎች ተነሡ፣ ክርክሩም አልተቋጨም። ደምቢያ በቤቱ የሞተ ሰው ወደ ሆስፒታል አይመለስምና በቁጥሩ ላይ እንደ ዳነ ሊመስል ይችላል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። አገራችን ጭምር ባለችበት በ9 የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአጣዳፊ የልብ ድካም ሆስፒታል ከገቡ 1006 ታማሚዎች መካከል በ180 ቀን ውስጥ 17.8 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸውም 52 ዓመት ነበር። ይህ ሊታወቅ የቻለው ታማሚዎቹ ከወጡ በኋላም ክትትል ስለተደረገላቸው ነው። እኛ ግን የማይሠራ ስልክ እናስመዘግባለን፣ የታማሚያችን ትንፋሽ ቀለል ሲል ቀጠሮውን እንተዋለን፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶች መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ እያስተማሩን መድኃኒቱን አስጥለን ወደ ጠበል እንወስደዋለን። ሲብስበትም በቤቱ ይሙት ብለን ፈርመን እናወጣዋለን። በማግሥቱ እድሩ ሞቱን ያውቃል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ያከመው ሆስፒታል ግን አያውቅም። ያልተነገረውን ሞት ከየት አምጥቶ ይቁጠር? ከምንስ ይታረም?

እንግዲህ ለጤና መድን መዋጮ የምትከፍሉ ሁሉ፣ ሆስፒታሎቻችን ስንቱ የልብ ድካም ታማሚ በተገቢው መድኃኒት እንደ ወጣና ስንቱ በቀጠሮው እንደ ተገኘ በየሩብ ዓመቱ በግልጽ እንዲያቀርቡ በስብሰባው ላይ ጠይቁ። ሲያቀርቡ ግን ዝቅ ያለውን ቁጥር መስደቢያ አታድርጉት፤ የተሰደበ ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ መደበቅን ይማራል። አስታማሚዎችም አልጋ ከመልቀቃችሁ በፊት የሚወሰደው መድኃኒትና የቀጠሮው ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበሉ፣ የሚነሣ ስልክ አስመዝግቡ። ሰው ሞቶባችሁ ከሆነም ለቅሶው በረድ ሲል ከቤተሰቡ አንዱ የካርድ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ መቼና የት እንደ ሞተ፣ መድኃኒቱንም እስከ መቼ ይወስድ እንደ ነበር ለካርድ ክፍሉ ይንገር።