ስልኩ «ተቀበል!» አለ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ አዝማሪ ቤት በር ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፈገግ ብሏል፤ ጥርሱ ያምራል። ማሲንቆው ግን አራት ክር አለው። የኛ ማሲንቆ ያለችው ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ክር ናት። ሥዕሉን የሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ክር ሲያይ ድህነት መስሎት አዝኖ ሳይጨምር አልቀረም። ከጀርባ ያለው የፋሲል ግንብም ሁለት ፎቅ ተቀጥሎበታል፣ ያለ ግንባታ ፈቃድ። ከሥር ያለው ጽሑፍ ከሩቅ ፊደላችንን ይመስላል፤ ቀርቦ ለማንበብ ግን መተተኛ ደብተራም አይበቃው።

የቤቱን ጌታ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፤ «በነፃ እኮ ነው!»

ወጣቱም አልቀረለትም። ፎቶውን ለስልኩ ይሰጥና «በጎንደር ዘመን አሣሣል ሥራልኝ» ይላል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን፣ በየትም ጥግ ብትቆሙ የሚያዩዋችሁን ባለ ትልልቅ ዓይን መላእክት ለመምሰል ነው። የሠፈራችን አንዱ ጎረምሳ የተሠራለትን ለእናቱ ቢያሳይ እናት ክው አሉ። «ምን አጥፍተህ ነው በአንድ ዓይን የሣሉህ?»

እውነታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ይህን የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስፍር ቁጥር የሌለው ሥዕል አይቶ የተማረው ማሽን ግን ልጁን ከይሁዳ ጎን አሰለፈው። እናት ቆይተው ሲያስቡት፣ ልጃቸው ከፋሲካ ወዲህ ዞር ብሎ እንዳልጠየቃቸው ትዝ አላቸው። «ለካ አውቆ ነው» አሉና ስልኩን መለሱለት።

ፈረንጆቹም ግራ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ሰው ሚድጆርኒ በተባለው ፕሮግራም ያሠራውን ሥዕል ለውድድር አቅርቦ በዲጂታል ዘርፍ አንደኛ ወጣ፣ 300 ዶላርም ተሸለመ። የቅጂ መብት ሲጠይቅ ግን ቢሮው ማሽን የሠራውን አልመዘግብም አለው። ሰውየው ቢያንስ 624 ጊዜ እያስተካከልኩ አዝዣለሁ ብሎ ተከራከረ። እንዲያው ለነገሩ፣ ጎንደር ላይ አንድን አዝማሪ 624 ጊዜ «አይ፣ እንደገና» ብትሉት ማሲንቆው የሚያርፈው የት ላይ እንደሆነ አስቡት።

የቅኔ ቤቱ ሕግ ደግሞ ከቢሮው ይብሳል። ቅኔ አይደገምም። ትናንት ማኅሌት ላይ የተባለውን ዛሬ ይዞ የመጣ ተማሪ የሚጠብቀው የመምህሩ ግልምጫ ነው።

ባለፈው እዚያው አዝማሪ ቤት ገብተን ነበር። ከፊት የተቀመጠ ባለ ሱፍ ሰውዬ ድንገት ተነሣ። «ተቀበል!» አለ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ። ከዚያ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ንጋት ጮራ አነበበ። ጮራው ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ቤት ግን አንዴም አልመታም። ስልኩ ከፊቱ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ከማን እንደተኮራረፈ፣ ማን ሒሳብ ሳይከፍል እንደሚሾልክ ከየት ይወቅ? አዝማሪው ያውቃል። ገና ከበር ስትገቡ ጫማችሁን አይቶ የጨረሰ ሰው ነው። ማሲንቆውን አንዴ ገዝገዝ አደረገና፦

«ግጥም ከኪስ ሲያወጣ አየሁት ጌታዬን፣
እጁ እዚያው እያለ ያውጣልኝ ድርሻዬን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው እየሳቀ፣ ትንሽም እየቀላ፣ ሁለት መቶ ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። ደግሞ አልተሸነፍኩም ለማለት ስልኩን መጎርጎር ጀመረ፤ መልስ ሊያስጽፍ ነው። ኔትወርኩ እየዞረ፣ እየዞረ፣ አዝማሪው የጎኑን ጠረጴዛ ጨርሶ ሁለት ባልና ሚስት አስኮርፎ አስታረቀ።

ቀጥሎ ወደ እኛ ዞረ። «እኚህ ጥግ ይዘው የሚጽፉት...» ብሎ ሲጀምር፣ «ሒሳብ!» ብዬ አስተናጋጇን ጠራኋት።