«ተመስገን» የሚሉት ሕመም

አክስቴ ሜሪላንድ ውስጥ በካንሰር ታማ ቤት በተኛችበት ሰሞን፣ ልታያት የምትመጣው የሆስፒስ (የማይድን በሽተኛን ሥቃይ የማስታገስ አገልግሎት) ነርስ ሁልጊዜ የምትጀምረው «ሕመምሽ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ይሆናል?» በሚል ጥያቄ ነበር። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ የአክስቴ መልስ ደግሞ ዘወትር «ተመስገን» ነው። ነርሷ በመዝገቧ ላይ ምን እንደምትጽፍ ግራ ይገባት ነበር። አንድ ቀን ጥያቄውን ለወጥ አድርጌ «እትዬ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብላት፣ «እንቅልፍማ ካየሁ ሰነበትኩ» አለችኝ። ነርሷ እዚያው ቆማ ለሐኪሙ ደወለች፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጉንጯ ውስጥ የምንጨምርላት ሞርፊን የተባለው ኃይለኛ ፈሳሽ የሥቃይ ማስታገሻ መጠኑ ከፍ አለ፤ በማግስቱም አክስቴ እስኪነጋ ተኛች።

አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1982 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆን የመንግሥት የጤና መድን) ተጠቃሚ የሆነ በሽተኛ ሕመሙ በተለመደው መንገድ ከቀጠለ ከስድስት ወር በላይ በሕይወት እንደማይቆይ ሁለት ሐኪሞች ካረጋገጡለት፣ ነርሱም መድኃኒቱም አልጋውም ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

ደሴ የነበረው አጎቴ በተመሳሳይ በሽታ ሲያዝ ሆስፒታሉ «ከዚህ በኋላ የምናደርግላቸው ነገር የለም፣ ቤት ይውሰዷቸው» ብሎ አሰናበተው። ይህን አባባል ዛሬም ልቀበለው አልቻልኩም፤ በሽታውን ማዳን ባይቻል እንኳ ሥቃዩን ማስታገስ ይቻል ነበርና። ጎረቤቱና ዘመዱ በየተራ አብሮት አድሯል፤ እንዲህ ያለውን አጀብ አክስቴ አላገኘችም። የተሰጠው መድኃኒት ግን ፓራሲታሞል ብቻ ነበር፤ ሞርፊን ሲነሣም ቤተሰቡ «ሱስ ያስይዘዋል» ብሎ ፈራ፤ ሊሞት ለተቃረበ ሰው ይህ ሥጋት ምን እንደሚረባው አይገባኝም።

አገራችን ውስጥ የሆስፒስ ሥራ ጨርሶ አልተጀመረም ማለቴ አይደለም፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄደ ይረዳል። ከእኛ በሀብት እምብዛም የማትርቀው ኡጋንዳ ደግሞ በዘርፉ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ በሕግ ፈቅዳለች። ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት አገር ነርስ ማዘዝ ካልቻለች መድኃኒቱ ገጠር አይደርስም፤ እኛም ልንከተለው የሚገባ መንገድ ይመስለኛል።

አጎቴን በስልክ «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» ስለው እሱም «ተመስገን» ይለኝ ነበር። ትራሱን ነክሶ ያደረ መሆኑን የነገረችኝ፣ ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ከወጣች በኋላ፣ ሚስቱ ናት።